የወንድይራድ ድስት

«እናንተ ሰፈር አካባቢ ርካሽ ሆቴል ይኖር ይሆን? ለእናትሽ ግን እንዳትነግሪያት።»

ይህን ሀጅራ የሰማችው እንድትሰማ ተብሎ አልነበረም። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ነው። እሷ ከኩሽናው ጎን ባለችው የልብስ ማጠቢያ ክፍል፣ በሩን ገርበብ አድርጋ፣ ለእንግዳ የሚሆን አንሶላ ታጥፋለች። ልጇ ሃዲያ ኩሽና ቆማ፣ ስልኩን ስፒከር ላይ አድርጋ፣ ሲሪያሏን ትበላለች። የሚያናግራት የሀጅራ ታናሽ ወንድም ወንድይራድ ነው፤ የሚደውለው ከቺካጎ ኤርፖርት። ከእንግሊዝ አገር የተነሳው ትናንት ቢሆንም ርካሽ ትኬት ስለቆረጠ ሌሊቱን ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ አድሯል፤ ላስ ቬጋስ የሚገባው ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ነው። ሃዲያ «እሺ አንክል፣ ቼክ አደርጋለሁ» ብላ ዘጋችው። ሆቴል ይላል እኮ! ለማን? ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የካዚኖ ሆቴሎቹ ጎዳና ስትሪፑ ላይ የማታውቀው ሰው ያደረበትን አልጋ ስታነጥፍ ለኖረች ሴት! ማውንተንስ ኤጅ ሰፈር ያለው ቤቷ ከተገዛ ጀምሮ አራተኛው መኝታ ቤት ስሙ «የወንዴ ክፍል» ነው፤ ወንዴ አንድ ቀን እንኳ አድሮበት አያውቅም እንጂ። ትናንት ከሺፍት እንደተመለሰች ምንጣፉን በማሽን አጥባለች፣ አዲስ ትራስ አምጥታለች፣ ለሆቴሉ እንግዳ የማታደርገውን፣ የመስኮቱን ጠርዝ ሳይቀር በጥርስ ብሩሽ ፈግፍጋለች። ሰውየው ግን ሆቴል ያፈላልጋል። አንሶላውን እንደያዘች ቆማ ቀረች። ንዴት መሆን የነበረበት ነገር ሐፍረት ሆኖ ፊቷን አቃጠላት።

ምክንያቱ አልጠፋትም። ባለፈው መስከረም አንድ ቪዲዮ መጥቶ ነበር፤ አርባ ሰከንድ የማይሞላ። ወንድይራድ በሚኖርባት በበርሚንግሃም ከተማ፣ አንድ ትምህርት ቤት በር ላይ፣ ነጭ ላይ ቀይ መስቀል ያለበትን የእንግሊዝ ባንዲራ በሁለት እጁ ወጥሮ ቆሟል። ዙሪያውን ፈረንጆች ናቸው። «የልጅ ልጄ የእነሱን ሥጋ አትበላም! ይሄ የክርስቲያን አገር ነው!» ይላል፣ ሃያ ዓመት ተኖሮበት እንኳ አልቃና ባለው እንግሊዝኛው። ያጨበጭቡለታል። ያልቃል። ከሥሩ የተጻፈው «ስደተኞቹ ራሳቸው በቃን አሉ» የሚል ነው። ይህ ነገር ላስ ቬጋስ ለመግባት ሁለት ቀን አልፈጀበትም። መስጊድ ውስጥ የማን ወንድም እንደሆነ የሚያውቁት ሴቶች እሷ ስትገባ ወሬ አቋረጡ፤ የማያውቁት እዚያው ፊቷ ላይ ሰደቡት። ሌላው ደግሞ በየግሩፑ «ጀግና» አለው። እንግሊዝ አገር ሰው በየመብራት እንጨቱ ባንዲራ ሲሰቅልና ሲያወርድ፣ ማን እንግሊዛዊ ነው ማን አይደለም፣ ሴት ፀጉሯን ትሸፍን ወይስ ትግለጥ፣ ለተማሪ ምን ሥጋ ይቀቀል እያለ ሲነታረክ እንደሚውል ሀጅራ ያወቀችው ከዚያ በኋላ ነው። ሳትፈልግ ተማረችው። ወንድሟን ግን አልጠየቀችውም፤ እሱም አልነገራት። ለዒድ ደወለ። ስልኩ ጠረጴዛው ላይ ሲንቀጠቀጥ እያየች ዝም አለችው። ዕድሜዋን ሙሉ የወንድሟን ስልክ አይታ ያላነሳችው ያን ቀን ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ ለሃዲያ ምርቃት እንደሚመጣ ያስታወቃት በቴክስት ነበር፤ ሰላምታም አልነበረውም።

የአንድ እናት ልጆች ናቸው። የሀጅራ አባት ሙስሊም ነበሩ፤ እሳቸው ሲሞቱ እናታቸው ያገቧቸው የወንድይራድ አባት ደግሞ ክርስቲያን። ይህ ያደጉባትን ኮምቦልቻን ለሚያውቅ ሰው ወሬም አይሆንም። ልጅ የአባቱን ይይዛል፣ ማጀት ውስጥ ሁለት ድስት ይጣዳል፣ የሙስሊሙ በሙስሊም እጅ፣ የክርስቲያኑ በክርስቲያን እጅ ይታረዳል፣ ጭልፋው እንኳ አይቀላቀልም። ሰርግ ሲሆን ድንኳኑ አንድ፣ ማዕዱ ሁለት ነው። እናታቸው ከየትኛው ድስት እንደሚበሉ ግን ልጆቻቸው አይተው አያውቁም፤ ሲጠየቁ «ቀምሻለሁ» ነበር መልሳቸው። ሀጅራ በዚያ ቤት ስድስት ዓመት የሚያንሳትን ወንድሟን አዝላ ያሳደገች ናት። አሁን ቤቷ አላድርም ያለው ሰው ያ መሆኑ ነው የከነከናት። አገር ይለያየን፣ ባሕር ይለያየን፣ እሺ፤ አርባ ሰከንድ ቪዲዮ ወንድሜን ይውሰድብኝ? አለች ለራሷ።

ቢሆንም ቢያድር ሆቴል ያድራል እንጂ ሆቴል አይበላም ብላ ሦስት ሰዓት ላይ መኪናዋን አስነስታ ድስት ልትገዛ ሄደች። ቤት ያሉት ድስቶች ሁሉ የሙስሊም ሥጋ የበሰለባቸው ናቸው፤ በነሱ ሠርታ ብታቀርብለት ሰውን ማታለል ነው። ሱቁ ውስጥ አንዱ ሃያ አራት ዶላር፣ አንዱ ስልሳ አምስት ዶላር ይላል። የሃያ አራቱን ይዛ ካሸሯ ጋ ከደረሰች በኋላ ተመልሳ የስልሳ አምስቱን አነሳች። ከጎኗ የቆመች ፈረንጅ «ጥሩ ምርጫ ነው፣ ዕድሜ ልክ ያገለግላል» አለቻት። «ለሁለት ሳምንት ነው» አለች ሀጅራ፣ ሳታስበው። አዲስ ጭልፋ፣ አዲስ ቢላዋ፣ ሁለት ሰሀን ጨመረችበት። ቤት ስትደርስ ሃዲያ ዕቃውን ከከረጢት እያወጣች ዋጋው ላይ ዓይኗ ፈጠጠ።

«ይሄ ሁሉ ምንድነው?»

«የአጎትሽ ድስት።»

«የራሱ ድስት? ማሚ፣ ዳትስ ሴግሪጌሽን! ቪዲዮው ላይ ያለውን እኮ ነው አንቺ እኛ ቤት ምታደርጊለት። በእኛ ድስት ካልበላ ለምን ኢንቫይት አደረግሽው?»

ሴግሪጌሽን ማለት ሰውን ለይቶ ማግለል መሆኑን ሀጅራ ታውቃለች። በአማርኛ ጨዋነት የሆነው ነገር በእንግሊዝኛ ሲጠራ ወንጀል ይመስላል። «አንቺ አይገባሽም» አለች፤ ይህን ስትል ራሷም እንደማትወደው እናት ሆና ታየቻት። ሃዲያ ነርስነት ጨርሳ ቅዳሜ ትመረቃለች፤ ሻሽዋን ከትምህርት ቤቱ ጋዋን ጋር የሚሄድ ቀለም ፈልጋ ሳምንት ለፍታለች። «ቅዳሜ እንዲመጣ አልፈልግም» አለች ድስቱን ምድጃው አጠገብ እያስቀመጠች። «ፍሬንዶቼ ቪዲዮውን አይተዋል። ስቴጅ ላይ ስወጣ እሱ ሊያጨበጭብልኝ? ኖ።» ሆቴል ስለመጠየቁ አንድም ቃል አላነሳችም። አጎቷን ጠልታውም ምስጢሩን ጠበቀችለት፤ ሀጅራ ይህን ልብ አለችና ትንሽ ቀለል አላት።

አምስት ሰዓት ላይ ፋና መጣች። ፋና ድሮ ከሀጅራ ጋር አንድ ሆቴል የሠራች፣ አሁን ካዚኖ ውስጥ ካርታ አዳይ ሆና ሮድስ ራንች በሚባለው አጥር ግቢ ቤት የገዛች የሸዋ ክርስቲያን ናት። ባሏ ከከተማ ውጭ ከአንድ ዶሮ አርቢ ገዝቶ በሥላሴ ስም ያረዳትን ዶሮ ላባዋ ተነጭቶ፣ ተገነጣጥላ፣ በሎሚ ታጥባ ይዛ መጥታለች። የሱፐርማርኬቱ ዶሮ ይበቃል ስትባል ሀጅራ እምቢ ብላ ነው፤ «እሱ የማንም አይደለም፤ ለወንዴ የሚሆነው የታወቀ ዶሮ ነው» ብላ። በዓለ ሃምሳው እንዳልወጣና ረቡዕም ሆነ ዓርብ ጾም እንደሌለ ለፋና ያስታወሰቻትም እሷው ናት። ሁለቱ ሴቶች ጀርባ ለጀርባ ሆነው፣ አንዷ በአዲሱ ድስት ዶሮ፣ አንዷ በአሮጌው የበግ ወጥ መሥራት ጀመሩ። ሽንኩርቱን አንድ ላይ ከተፉት፤ ሽንኩርት ሃይማኖት የለውም። ፋና የሽንኩርት መወደድ፣ የቲፕ ማነስ፣ የአጥር ግቢው ጠባቂ ስሟን በየቀኑ እንደ አዲስ መጠየቁን አወራች። ስለ ቪዲዮው ማንም አላነሳም። ቅመሙ ከገባ በኋላ ግን ፋና ራሷ፣ ድስቱን እያማሰለች፣ «የኛዎቹ እኮ ጀግና ብለውታል» አለች።

«አንቺስ?»

«እኔማ ዶሮ እየሠራሁለት ነው። ቀምሶ ካላመሰገነኝ ያኔ ስለ ጀግንነቱ እናወራለን» አለችና ለሺፍቷ እንዳይረፍድባት ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወጣች።

ኤርፖርት ሄዶ የሚያመጣው የሀጅራ ባል ከሊል ነው። ከሊል የሆቴል እንግዶች የሚያመላልስ ቫን ይነዳል፤ በሁለት ጉዞ መሀል አንስቶት ነበር። ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ደወለ። «ይዤው እየመጣሁ ነው።» «ምን ይላል?» «ምንም። ሻንጣዬ መኪና ውስጥ ይቆይ አለ።» ሀጅራ ስልኩን አስቀምጣ የታጠበውን ሰሀን እንደገና አጠበች።

ወንድይራድ በሩ ላይ ሲቆም ፀጉሩ እንዳለ ነጭ ሆኗል። በዚያ የግንቦት ሙቀት ሙሉ ኮት ለብሷል፤ በእጁ አንዲት የወረቀት ከረጢት ይዟል እንጂ ሌላ ዕቃ የለውም። ትከሻ ለትከሻ ተሳሳሙ፤ ቸኮል ያለ፣ ሰው የሚያያቸው የሚመስል መሳሳም ነው። ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ሃዲያ ከርቀት ሰላም ብላው ደረጃው ሥር ቆመች። «መንገድ እንዴት ነበር?» አለች ሀጅራ። «ደህና።» «ቺካጎ ብርድ ነው?» «ብርድ ነው።» «የልጅ ልጅህ አርያም ደህና ናት?» «ደህና ናት፣ ይመስገን።» ግድግዳው ላይ ያለው የሙቀት መቆጣጠሪያ ቁጥር ሲቀያየር ሁለቱም አዩት። ውጭ የከሊል ቫን ሞተሩ እንደተነሳ እንግዳውን ወደ ሆቴሉ ለመውሰድ ይጠብቃል። ሀጅራ ይህን የሞተር ድምፅ ከዚህ በላይ መስማት አልቻለችም።

«ሆቴሉን አገኘኸው?» አለች።

ወንድይራድ ቀና ብሎ ሃዲያን አያት።

«እሷ አልነገረችኝም። ጆሮ አለኝ። እኔ ቤት ማደር አስጠልቶህ ነው? የሙስሊም ቤት ሆኖብህ ነው?»

«ምን አልሽ?» ብድግ አለ። «እኔ? ባንቺ ጀርባ ላይ ያደግሁት?» እንደገና ተቀመጠ። «የዒድ ለት ደወልኩ እኮ፣ እታለም። አላነሳሽም።»

«አላነሳሁም።»

«በዕድሜዬ ደውዬልሽ ሳታነሺ ቀርተሽ አታውቂም። ታዲያ ምን ልበል? አስገቢኝ ብዬ ደጅሽ ከምቆም፣ ሆቴሌን ይዤ ልሂድ፣ ካስገባችኝ ገብቼ ሰላም ብያት እወጣለሁ ብዬ ነው። የማታስገቢኝ መስሎኝ ነው የመጣሁት።»

ሀጅራ አጠገቡ ቁጭ አለች። ስምንት ወር ሙሉ አንዱ የሌላውን በር ዝግ ነው ብሎ ደጅ ላይ ቆሞ ኖሯል። ከልቧ ላይ ድንጋይ ተነሳላት፤ ቢሆንም ገና አልጨረሰችም፤ «ያ ቪዲዮስ?» አለችው። ወንድይራድ ከመጀመሪያው ነገራት። የአርያም ትምህርት ቤት ከእንግዲህ ለሁሉም ልጅ ሐላል ሥጋ ብቻ ነው የሚቀርበው ብሎ ወላጅ ሰበሰበ። እሱ እጁን አወጣ። «እናታችን የምታደርገውን ነው የነገርኳቸው። ሁለት ድስት ይጣድ አልኩ። የእነሱም ለእነሱ፣ የእኛም ለእኛ፣ ማንም አይቀየም። አንዲት ሶማሌ እናት እንዲያውም ልክ ነው ብላ ራሷን ነቀነቀችልኝ። እኔ ነገር የፈታሁ መስሎኛል። ከኋላ ግን የማላውቃቸው ፈረንጆች ተነስተው አጨበጨቡ። በማግስቱ ኬክ ይዘው ቤቴ መጡ። ሰር እያሉ። ትምህርት ቤቱ በር ላይ ሰልፍ አለ፣ ና ያልከውን ድገምልን አሉኝ።» እዚያ ደግሞ ሁለት ድስት የሚለው ቃል ማንም አልገባውም፤ የተፈለገው ሌላ ነበር፤ የተፈለገውን አለ።

ሃዲያ ከደረጃው ሥር ሁለት እርምጃ ቀረበች። «ባንዲራውን ስትይዝ» አለች፣ አማርኛዋን እየፈለገች፣ «እነዛ ሰዎች ምን እንደሆኑ አላወቅክም ነበር?»

ሀጅራ አላወቅሁም በል፣ በል እባክህ እያለች በሆድዋ ለመነችው። ያን ቢል ሁሉም ነገር ባለቀ።

«አውቄ ነበር» አለ ወንድይራድ። «ያወቅሁት ኋላ ነው ብልሽ ደስ ይለኝ ነበር። ሃያ ዓመት መጋዘን ውስጥ ስሠራ ስሜን አስተካክሎ የጠራኝ ሰው የለም። አጨበጨቡልኝ። አንዴ ካጨበጨቡልሽ ሁለተኛ ያምርሻል።»

«ሦስተኛስ?»

«ሦስተኛ ጊዜ መስጊድ በር ላይ እንቁም አሉ። ጉንፋን ይዞኛል አልኳቸው።»

«ጉንፋን?»

«አልመጣም ማለት ፈርቼ ነዋ! እስካሁን ጉንፋን ላይ ነኝ። መንገድ ላይ ካገኙኝ አስላለሁ።»

ሃዲያ ላለመሳቅ ከንፈሯን ነከሰች፤ አልሆነላትም። ወንድይራድ ወደ እህቱ ዞረና ዝቅ ብሎ ጉልበቷን ያዘ። «አፉ በይኝ፣ ይቅር በይኝ» አላት፣ ልጅ ሆኖ በሷ በኩል ካሉት ዘመዶች አፍ እንደለመደው። «አፉ ብያለሁ። አንተም ለስልኩ አፉ በለኝ» አለች፤ ከዚህ በኋላ እንባዋን መያዝ አልቻለችም፤ ለመያዝም አልሞከረችም። ስምንት ወር የያዘችው ይበቃታል።

ቆይተው ነው የሞተሩ ድምፅ መጥፋቱን ያስተዋሉት። ሀጅራ ወጥታ ብታይ ቫኑ የለም። ጋራዡ ክፍት ነው፤ ሻንጣው ከማቀዝቀዣው አጠገብ በሥርዓት ቆሟል። ስልኳ ላይ የከሊል መልእክት አለ፤ «ሥራ ደርሶብኛል። ሻንጣውን አውርጄዋለሁ። ሆቴል የሚሄድ ከሆነ በእግሩ ይሂድ።» ጮክ ብላ አነበበችላቸው። ወንድይራድ እስኪያስለው ሳቀ፤ ሃዲያም «ጉንፋኑ መጣ» አለችው።

ኩሽና ሲገቡ ምድጃው ፊት ቆመ። ማንም ሳይነግረው የቱ የሱ እንደሆነ አወቀ። የሚያብረቀርቀውን ድስት ክዳን ከፍቶ እንፋሎቱ ፊቱን እስኪሸፍነው አጎንብሶ ቆየ፤ «የማን እጅ ነው?» አለ። «ፋና የምትባል ጓደኛዬ፤ ዶሮው በክርስቲያን እጅ የታረደ ነው» አለችው ሀጅራ። «ይሄን ሁሉ… እኔ ያንን ብዬ…» አለና ክዳኑን መልሶ ገጠመው። ሃዲያ በሩ ላይ ተደግፋ ሁለቱን ስታይ ነበር። ሴግሪጌሽን የሚለውን ቃል ደግማ አላነሳችም። አንድ ጠረጴዛ ተከበበ፤ ሀጅራ ቢስሚላህ አለች፣ ወንድይራድ አማተበ፣ የሱ ወጥ በሱ ሰሀን፣ የእነሱ በእነሱ ሰሀን ሆኖ ተበላ። ሃዲያ አጎቷን ሙሉ በሙሉ ይቅር አለችው ማለት አይደለም፤ እንዲያው ይህን ያህል ጥያቄ ያለው ሰው በአንድ ምሳ አይጨርስም። እሱ በቀረበት ቀን መስጊዱ በር ላይ የቆሙት ሰዎች ወደ ውስጥ የሚገቡትን ሴቶች ምን እንዳሏቸው ጠየቀችው፤ እሱም የሰማውን ሳይቀንስ ነገራት። ከዚያ ሰሀኗን ስታነሳ «ቅዳሜ በጊዜ ካልወጣን ፓርኪንግ አይገኝም። አንክል፣ ያንን ኮት አትልበስ፣ በሙቀት ትሞታለህ» አለች። ሀጅራ ወደ ቧንቧው ዞራ ውኃ ከፈተች፤ ፊቷን ማንም እንዲያይባት አልፈለገችም።

ፀሐይ ወደ ተራራው ስታዘቀዝቅ ወንድይራድ አንድ ነገር እያወራ ሳለ ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርስ ሶፋው ላይ እንቅልፍ ጣለው። አፉን ከፍቶ፣ ጫማውን አውልቆ፣ እግሩን እስከ ምንጣፉ መሀል ዘርግቶ ነው። የተዘጋጀው ክፍል ይቆየው፤ ማን ይቀሰቅሰዋል? የሀጅራ ስልክ የመግሪብን አዛን አሰማ፤ ቶሎ ዘጋችው። ውዱእ አድርጋ፣ ለሶላት ተጣጥባ፣ መስገጃዋን ይዛ ስትመጣ ሃዲያ በሹክሹክታ «ማሚ፣ ሩም ውስጥ ስገጂ፣ እንዳይነቃ» አለቻት። ሀጅራ አይሆንም ብላ ራሷን ነቀነቀች። ይህን ወንድሟን በልጅነቱ በአንዲት ክፍል ቤት ውስጥ ያስተኛችው እየሰገደች ነው፤ ዛሬ ምን ሊሆን? ሁልጊዜ የምትሰግድበት ቦታ ግን በትክክል እግሩ የተዘረጋበት ነው፤ መስገጃውን በእጇ እንደያዘች ከላዩ ቆመች። ወንድይራድ ዓይኑን አልገለጠም። እንደ ተኛ ጉልበቱን አጠፈና እግሩን ወደ ሶፋው ሰብስቦ ቦታ ለቀቀላት። ሀጅራ አንጥፋ ቆመች፣ እጇን ወደ ጆሮዋ አነሳች፣ ሳቅ አመለጣት፤ እጇን አወረደች፣ ትንፋሿን ሰበሰበች፣ ሶላቷን እንደ አዲስ ጀመረች።